አንዴ ብቻ የጋበዝኳት ማንጎ

ማንጎ አልበላም። ሰው ቤት ሲቀርብልኝ «አይስማማኝም፤ ሆዴን ይቆርጠኛል» እላለሁ። ውሸቴን ነው። የእኔ ሆድ ድንጋይ ቢሰጡት ፈጭቶ የሚያድር ነው። እውነተኛውን ምክንያት ግን በሰው ማዕድ ላይ እንዴት ብዬ ላውራው? ሦስት ዓመት ሙሉ ዋጥኩት። ዘንድሮ ማንጎ ገበያ ላይ መታየት ሲጀምር ከዚህ በላይ መዋጥ አቃተኝና ይኸው ለእናንተ ልነግራችሁ ተቀመጥኩ። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል።

ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ደብረ ታቦር ከተማ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ የእርሻ መሣሪያዎችን አስተምር ነበር። ባል አላገባሁም፣ ልጅ አልወለድኩም፤ ዘመዶቼ «የሺ ያገባችው ብረት ነው» እያሉ ያሙኛል። ሐሜት ሁሉ ሐሰት አይደለም። ሰው ፊት ምላሴ ይተሳሰራል፤ ብረትና ብሎን ፊት ግን የሚያቅተኝ ነገር የለም። እልኸኛም ነኝ፤ የጀመርኩትን ሳልጨርስ እህል አይወርድልኝም።

እናቴ ጥሩወርቅ ትባላለች። የምትኖረው ከእብናት ወደ ታች ሲወርዱ ቆላው ውስጥ ነበር። አባቴ በሕይወት ሳለ ከወንዙ ዳር ስድስት የማንጎ ዛፎች ተክሏል። ፍሬያቸው ከተማ እንደምናየው ትልልቅ አይደለም፤ ትንንሽ ነው፣ ክሩም ጥርስ ውስጥ ይሰካል፤ ሽታው ግን ገና ከደጅ ይቀበላችኋል። ችግሩ ሁሉም የሚደርሱት በአንድ ሳምንት መሆኑ ነው። የጎረቤቱም እንዲሁ። በዚያ ሳምንት እብናት ገበያ ማንጎ የሚሸጥ እንጂ የሚገዛ አይገኝም። ወደ ሌላ ከተማ እንዳይጫን መንገዱ አንዴ በዝናብ፣ አንዴ በሌላ ምክንያት ይዘጋል። የተረፈው ከዛፉ ሥር ረግፎ ዝንብ ይወረዋል፤ ከብቱ እንኳ ሰልችቶት ረግጦት ያልፋል። እናቴ «አባትሽ ላቡን ያፈሰሰበት እንዲህ እግሬ ሥር ይበስብስ?» እያለች በየዓመቱ ታለቅሳለች።

እኔም በየዓመቱ ስሰማት ኖሬ አንድ ቀን ሥራዬ አደረግሁት። ፍሬ ከዛፉ ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል። የሚበስለውም፣ ኋላ የሚበሰብሰውም እየተነፈሰ ነው። አየር በኃይል በታመቀበት ታንክ ውስጥ ሲቀመጥ ግን እስትንፋሱ ይረጋል፤ መብሰሉም ይዘገያል። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ዘለልኩ። ገበሬው ጋ ማቀዝቀዣ የለም፤ ቢኖርም መብራት የለም። የታመቀ አየር ግን የትኛው ጎሚስታ ዘንድ ይጠፋል?

ጋሽ አያሌው የሚባሉ ሽማግሌ በያጅ ነበሩ፤ ወርክሾፓቸው ከኮሌጁ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ከተበላሸ ትልቅ ኮምፕሬሰር የተረፈ ታንክ አግኝተው አፉን ቆረጡልኝና ወፍራም ክዳን ሠሩለት። ክዳኑ ዙሪያውን በሃያ አራት ብሎን ይታሰራል፤ በክዳኑና በታንኩ መሐል አየር እንዳያሾልክ ከመኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አለው። እኔ ጠዋትና ከሰዓት አሮጌውን አየር በጥቂቱ እየለቀቅሁ አዲስ እሞላለሁ፤ ፍሬውም እንዳይታፈን፣ ግፊቱም እንዳይወርድ።

መጀመሪያ የሞከርን ጊዜ አየሩን ባንዴ ለቀቅነው። ታንኩ እንደ በሬ አጓራ። ፍሬዎቹ ሲወጡ ደህና ይመስሉ ነበር፤ በማግስቱ ግን ልጣጫቸው ተሰነጣጠቀ፣ ውስጣቸው ጠቆረ። ጋሽ አያሌው አገላብጠው አይተው «የታመቀ ነገር ባንዴ ሲለቁት ይጎዳል፤ ቀስ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ታንክ ለመክፈት ሦስት ሰዓት መጠበቅ ደንባችን ሆነ።

በዚያ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ እናቴ ታመመች። መንገዱ ሳይዘጋ በመጨረሻው መኪና ላመጣት ወረድኩ። ቆዳዋ ቢጫ ሆኗል፣ ሆዷ አብጧል፣ ቆማ መሄድ ተስኗታል። እሷ ግን ከራሷ በፊት ሁለት ቅርጫት ማንጎ ካልተጫነ ብላ በር ላይ ተቀመጠች።

«እምዬ፣ አንቺን ላሳክም ነው እንጂ ማንጎ ልነግድ አልመጣሁም!»

«እኔማ ለሐኪሙ ነኝ። እሱ ደግሞ ለጋንሽ ነው» አለችኝ። ታንኩን ሳታየው «ጋን» ብላ ስም አውጥታለት ነበር።

ባሕር ዳር ድረስ ወስጄ አሳየኋት። ሐኪሙ እኔን ብቻ ወደ ጎን ጠርቶ ነገሩ የጉበት መሆኑንና አልፎ መሄዱን ነገረኝ። «ቤት ወስደሽ ተንከባከቢያት፤ ያማራትን ስጫት» አለኝ። ያማራትን ስጫት። ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ።

ሐምሌ አራት ቀን «ጋንሽን ካላየሁ» ብላ አስቸገረችኝና በባጃጅ ወርክሾፑ ወሰድኳት። ጋሽ አያሌው ወንበር አወጡላት። ቅርጫቶቹን እግሯ ሥር አስቀምጣ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ታነሳለች፤ ጉንጩን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች፤ ገና ቢጫ ማለት የጀመረውን ትሰጠኛለች፣ የለሰለሰውን ወደ ጎን ታደርጋለች። ስልሳ ያህል መረጠችልኝ። እኔ ደረደርኩ፤ ጋሽ አያሌው ክዳኑን ገጥመው ብሎኖቹን ማጥበቅ ጀመሩ።

«ስንት ናቸው እነዚህ?» አለች እናቴ።

«ሃያ አራት።»

«ካህናተ ሰማይ ናቸው በሉኛ! እንግዲያማ ይጠብቁልናል» አለችና አማተበች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «አሁን እንግዲህ ለፍሬው ዕድሜ ቀጠልሽለት ማለት ነው?»

«እንደሱ በይው እምዬ።»

«ታዲያ እኔንም እዚያው ብትከቺኝስ?»

ጋሽ አያሌው ከት ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ቀጠሮዬ አርባ ቀን ነበር። ነሐሴ አሥራ አራት ቀን ታንኩ ሲከፈት የኮሌጁ ኃላፊዎችና ከእናቴ ቀበሌ የሚመጡ ሦስት ገበሬዎች በተገኙበት አርባ ቀን የቆየ ማንጎ ላሳይ ነው። ከተሳካ ለእብናት ገበሬዎች ትልቅ ታንክ ይሠራል። እስከዚያ አንድም ብሎን አይፈታም። አንዴ ከተከፈተ ቆጠራው ሁሉ ተበላሸ ማለት ነዋ።

ሐምሌ በዝናብ አለቀ። እናቴ ከአልጋ አልወርድ አለች። እኔ ሥራ ስሄድ ከጎኗ የሚውሉት አከራዬ እትዬ በላይነሽ ነበሩ፤ እሷንም እንደ እህታቸው ወደዷት። ፍልሰታ ሲገባ እናቴ ጾሙን ካልጾምኩ አለች። የንስሐ አባቷ መጥተው «ለታመመ አልታዘዘም» ቢሏትም አልሰማችም። ለነገሩ ብትበላስ ምን ትበላለች? ሁለት ጉርሻ አጥሚት ከወሰደች ትልቅ ነገር ነው።

ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ጠዋት ለመውጣት ጃንጥላዬን ስይዝ ጠራችኝ።

«የሺ፣ ሌሊት አባትሽን በሕልሜ አየሁት። ዛፉ ላይ ወጥቶ ማንጎ ይቆርጣል፤ እኔ ከታች ነጠላዬን ዘርግቼ እቀበለዋለሁ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ፣ ብታምኚም ባታምኚም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «እምዬ፣ ታንኩን ልክፈተውና አንድ ሁለት ፍሬ ላውጣልሽ? ጭድ ውስጥ ብናስቀምጠው በሦስት ቀን ይበስላል።»

ዓይኔን አየችኝ። «አይ፣ ተይው ልጄ» አለች። «ይህን ያህል የለፋሽበትን ለእኔ አፍ ብለሽ? ቀኑ ሲደርስ እበላለሁ።»

«እሺ እምዬ» አልኩና ወጣሁ።

ነገሩ ይኸው ነው። የሕይወቴ ትልቁ ጥፋት እዚህች «እሺ እምዬ» ውስጥ ነው ያለው።

የአገራችንን ወግ ታውቃላችሁ። ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ግብዣ እሺ አይልም። ይህን ያስተማረችኝ ራሷ እናቴ ናት። በልጅነቴ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ ዳቦ ሲሰጡኝ ወዲያው ተቀበልኩና ጭኔን ቆንጥጣ አስለቀሰችኝ። «ገና ሲሰጡሽ ትቀበያለሽ? መጀመሪያ ‹በልቻለሁ› ይባላል። ሁለተኛም ‹ይብቃኝ› ይባላል። ሦስተኛው ላይ ነው የሚበላው!» እሷም እንግዳ ሲመጣባት እጁን ይዛ፣ «በሞቴ! አፈር ስሆን! እኔን ትቅበረኝ!» ብላ ሳታጎርስ አትለቅም። «አይ» ያለ እንግዳ ጾሙን ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም።

ታዲያ እኔ ይህን የማላውቅ ሆኜ ነው? አውቃለሁ። «አይ» ስትለኝ «አፈር ስሆን እምዬ» ማለት እንዳለብኝ አፌም ልቤም ያውቁት ነበር። ግን «አይ» ማለቷ ተስማማኝ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። እስከ ነሐሴ አሥራ አራት የቀረኝ አምስት ቀን ነው። በመንገዱ ሁሉ «እሷው ናት ተይው ያለችኝ» እያልኩ ሄድኩ።

ከሰዓት ስመለስ እናቴ ትራስ ደገፍ አድርጋ ቀና ብላ ነበር። ፀጉሯን እትዬ በላይነሽ አበጥረውላታል፤ ንጹሕ ነጠላ ለብሳለች። ሰንብታ ቀና በማለቷ ተደሰትኩ።

«ያ ጋንሽ እንዴት ዋለ?» አለችኝ።

«ደህና ነው። የግፊት መለኪያው ጌጅ ስድስት ላይ ቀጥ ብሏል፤ ቅንጣት አየር አያሾልክም!»

«ፍሬውስ?»

«እንደገባ ነው ያለው። ሳልከፍተው አርባውን ይሞላል።»

«እሰይ» አለች። ጥቂት ጠብቃ ወደ ግድግዳው ዞረች። ደክሟት መሰለኝ።

ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን ደግሞ «እንደው አንዱ ቢበላሽ ሌላውን አያበላሽበትም? ማየቱ አይሻልም?» አለችኝ። እኔ ብረት ያገባሁት ሴትዮ ስለ ግፊትና ስለ እስትንፋስ አስተማርኳት። እንደ ተማሪ አዳመጠችኝ። ስጨርስ «አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። ሁለት ጊዜ በሩን ከፈተችልኝ፤ ሁለት ጊዜ አልገባሁበትም።

አሥራ ሦስት ቀን የቡሄ ዕለት ነው። በደብረ ታቦር ቡሄ እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልሞክርም፤ ከተማው በስሙ የሚጠራበት በዓል ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከውጭ ጅራፍ ይጮኻል፣ መንገዱ በሰው ሞልቷል። የእናቴ ትንፋሽ ግን ተለውጧል። ይቆምና ደግሞ ይቀጥላል። ጎንበስ ስልላት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«የሺ… ሽታው መጣ።»

ያኔ ነቃሁ። «እምዬ፣ መጣሁ! አሁኑኑ አመጣልሻለሁ!» ብዬ ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላደርግ ሮጥኩ። ለጋሽ አያሌው እየሮጥኩ ደወልኩላቸው፤ የበዓል ጋቢያቸውን እንደለበሱ መጥተው ወርክሾፑን ከፈቱልኝ። ጌጁ ስድስት ላይ ነው። ቫልቩን እንደ ደንባችን በጥቂቱ አዞርኩት። ስስስ እያለ አየሩ መውጣት ጀመረ።

ተቀምጬ ጠበቅሁ። አምስት ተኩል። አምስት። ዓይኔ ከጌጁ አልተነቀለም። እናቴ እያጣጣረች እኔ ፍሬው እንዳይሰነጠቅ ቀስ እያልኩ ነበር። ይህን ስጽፍ ራሴን እጠየፈዋለሁ።

አንድ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ስልኬ ጮኸ። እትዬ በላይነሽ ናቸው። «የሺ፣ ቶሎ ነይ ልጄ፣ ቶሎ!»

ጌጁን አየሁት። አራት ላይ ነው። ጋሽ አያሌው ትከሻዬን ያዙ።

«ልጄ፣ እናትሽን ነው ወይስ ማንጎውን ነው የምትጠብቂው?»

ቫልቩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ታንኩ አጓራ፤ ወርክሾፑ በጉም ተሞላ። የአርባ ቀን ልፋቴ በዚያች ቀዳዳ ወጣ። አላሳዘነኝም። ያሳዘነኝ አራት ቀን መዘግየቱ ነው። ጌጁ ዜሮ ሲነካ ብሎኖቹን እሳቸው ከወዲያ እኔ ከወዲህ መፍታት ጀመርን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሃያ አራት ብሎን ሲፈታ እንዲህ ይረዝማል ብዬ አስቤ አላውቅም። አንዱ አልፈታ ብሎ ጋሽ አያሌው በመዶሻ መቱት። እኔ እየፈታሁ «ካህናተ ሰማይ፣ ካህናተ ሰማይ» እላለሁ፤ ጸሎት ይሁን እብደት አላውቅም።

ክዳኑ ሲነሳ ፍሬዎቹ ጤዛ ለብሰው ተደርድረዋል። እናቴ በአውራ ጣቷ ጫን ያደረገችው ጉንጫቸው ቢጫ ማለት የጀመረው ልክ ያን ቀን እንደነበረው ነው። አንድም አልተለወጠም። በሌላ ቀን ቢሆን እዚያው እጨፍር ነበር። አንዷን መንትፌ፣ ጅራፍ በሚያጮኸው ሰው መሐል እየተጋፋሁ ሮጥኩ።

ስደርስ እናቴ ዓይኗ ክፍት ነበር። ቀኝ እጇን ገልጬ ማንጎዋን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። «እምዬ፣ ይኸው። ያንቺው ናት፤ ከአባዬ ዛፍ።»

ጣቶቿ ቀስ ብለው ተጠቀለሉባት። አውራ ጣቷ ጉንጯን ፈለገና ጫን አደረገ።

«አልበሰለችም» አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል።

«ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚበቃት እምዬ። ሦስት ቀን ብቻ!»

«ሦስት ቀን ምን አላት» አለች።

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ማንጎዋን እንደያዘች አረፈች።

ነሐሴ አሥራ አራት ቀን፣ ታንኩን ልከፍትበት የቀጠርኩት ቀን፣ እናቴን ቀበርኩ። ወደ ቆላ የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ ስለቆረጠው ከአባቴ አጠገብ ላሳርፋት አልቻልኩም፤ እዚሁ ደጋው ላይ ቀረች። ሦስቱ ገበሬዎች ማንጎ ለማየት ብለው ጎርፉን በእግራቸው ተሻግረው መጡና አስከሬን ተሸከሙ። አንደኛው «ለፍሬው ስንመጣ ለባለፍሬዋ ቀብር ደረስን» ብሎ ተንሰቀሰቀ። ታንኩ ውስጥ የቀሩት ማንጎዎች ያን ዕለት ተሰነጣጥቀው መጥቆር ጀምረው ነበር፤ ጋሽ አያሌው ሳይነግሩኝ አውጥተው ቀበሯቸው።

ሠልስቷ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ቤቱን ሞልቶ ተቀምጧል። እኔ ምንጣፍ ላይ አንገቴን ደፍቻለሁ። ድንገት አንድ ሽታ መጣ። መጀመሪያ እኔ ብቻ የሸተተኝ መሰለኝና እንደሷ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ። ኋላ ግን ሴቶቹ ዞር ዞር ማለት ጀመሩ። «የምን ሽታ ነው እንዲህ የሚያውድ?» አለች አንዷ። የቆላ ሴት የሆነች አንዲት ዘመዳችን «ማንጎ ነው፤ የእኛ አገር ማንጎ!» ብላ ደረቷን መታች።

እትዬ በላይነሽ ተነሱ። ለካ እናቴን ሲገንዙ ከእጇ ያወጧትን ማንጎ ምድጃው አጠገብ ጭድ ውስጥ አኑረዋት ኖሯል። አወጧት። ሌሎቹ ሲሰነጠቁ እሷ ብቻ ተርፋ ወርቅ መስላለች። ሦስት ቀን ብቻ ነው የበቃት።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀል የእናቴን አልጋ ላነሳ ገባሁ። ትራሷን ሳነሳ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቢላዋና አንድ የሻይ ሰሃን፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው አገኘሁ። ቢላዋዋን አወቅኋት፤ ከቆላ ይዛት የመጣችው ናት። ክፉ መንፈስ እንዳይቀርብ ተብሎ ብረት እንደሚቀመጠው ያስቀመጡላት መሰለኝ።

«እትዬ በላይነሽ፣ ይህን ያኖሩላት አንቱ ነዎት?»

አዩትና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ባልነግርሽ በወደድኩ» አሉ።

«ይንገሩኝ።»

«ያን ለት አንቺ ወጥተሽ ስትሄጂ ነው። ‹በላይነሽ፣ ያችን ቢላዋዬን ከቅርጫቱ ፈልጊልኝ፤ ሰሃንም ጨምሪልኝ› አለችኝ። ‹ምን ልትበይ?› ብላት፣ ‹ልጄ ማንጎ ላውጣልሽ ብላኝ ነበር። ወግ ነውና አይ አልኳት። ስትመለስ ደግማ መጠየቋ አይቀርም፤ ያኔ እሺ እላታለሁ› አለችኝ። ፀጉሬን አበጥሪኝ ያለችውም ለዚያው ነው። እኔም ‹ልንገራት› ብላት ‹በማርያም፣ አፍሽን እንዳትከፍቺ! ተርባ ጠየቀች ልታሰኚኝ ነው?› ብላ አስማለችኝ።»

ከዚያ ወዲያ የሆንኩትን አልጽፈውም። እናት ያለው አይረዳውም፤ የሌለው መስማት አያስፈልገውም።

ስረጋጋ ማንጎዋን በእናቴ ቢላዋ ቆረጥኳት፤ በእሷው ሰሃን አድርጌ ለእትዬ በላይነሽ ሰጠሁ።

«አይ ልጄ፣ እንዴት ይውረድልኝ» አሉ።

«አፈር ስሆን እትዬ።»

«ተይኝ የሺ፣ አልችልም።»

«በሞቴ! እኔን ይቅበሩኝ፤ ይብሉልኝ!»

በሦስተኛው እያለቀሱ ተቀበሉኝ። ጭማቂው በክንዳቸው ላይ ሲወርድ አየሁ። እኔ ቁራጭ እንኳ አልቀመስኩም፤ ከዚያም ወዲህ ቀምሼ አላውቅም።

በዓመቱ ከጋሽ አያሌው ጋር ሁለተኛ ታንክ ሠራን። አሁን እብናት ነው ያለው፤ የማንጎ ወቅት ካለፈ በኋላም ለገበያ የሚቀርብ ማንጎ ገበሬዎቹ እጅ ላይ ይገኛል። ከመጀመሪያው የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ጎኑ ላይ በሁለት ቫልቭ የሚዘጋ፣ ስድስት ፍሬ የሚይዝ ትንሽ ክፍል አለው። ትልቁ ታንክ ሳይነካ እሱን ብቻ ቀስ ብሎ መክፈት ይቻላል። ገበሬዎቹ ይህ ለምን እንዳስፈለገ ሲጠይቁኝ «የታመመ ሰው ቢያምረው» እላቸዋለሁ። ጋሽ አያሌው «የጥሩወርቅ በር» ይሉታል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በየቤታችሁ «አይ፣ ተይው ልጄ»፣ «አይ፣ ተወው፣ አትቸገር» የምትል እናት አትጠፋም። «ሐኪም ቤት ልውሰድሽ?» ስትሏት «ይሻለኛል» ትላችኋለች። «ልምጣ?» ስትሏት «ሥራህን ሥራ» ትላለች። በዚያ «አይ» ደስ አይበላችሁ። ለእናንተ ስለሚመች እውነት አይሆንም። ስታሳድገን አንዴ «አልበላም» ስንል ሰሃኑን አንስታ ሄዳ ታውቃለች? ተመለሱና እጇን ይዛችሁ «አፈር ስሆን» በሏት። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። ትቆጣችሁ፤ ደግሞ ጠይቋት።

እኔ አንዴ ጠየቅኋት። እሷ ቢላዋና ሰሃኗን አዘጋጅታ፣ ፀጉሯን ተበጥራ፣ ሁለተኛውን እየጠበቀች ሄደች።